የዘነበችን ጀርም ያሳደጉልን ጊዜ

እኔ ሰው አላምንም። ይሄን ስል ክፉ ሰው ነኝ ማለቴ አይደለም። ሥራዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ከታክሲ መያዣው ፊት ለፊት፣ ከሰዓት ጠጋኙ ከታምሩ ጎን፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ካያችሁ የኔ ናት። እስቲ አስቡት። አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ይመጣና ቁልፍ ዘርግቶ "ጋሼ፣ ይቺን በቶሎ ቅረጽልኝ" ይለኛል። የማን ቤት ቁልፍ ናት? የእናቱ? የአከራዩ? ጥላው የሄደችው ልጅ? እጠይቃለሁ። እየጠየቅሁ ደግሞ ዓይኑን አያለሁ። ዓይኑ ወደ ታክሲዎቹ ከሸሸብኝ "ማሽኑ ተበላሽቷል" እላለሁ። ማሽኔ ስንት ጊዜ እንደሚበላሽ የሚያውቀው ታምሩ ነው፤ እየሰማ ይስቃል።

እንዲህ ሆኖ የኖረ ሰው ታዲያ ሱቁን ሲዘጋ ጠባዩን አብሮ አይቆልፍም። ታክሲ እሳፈራለሁ። ረዳቱ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ "ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!" እያለ ይጣራል። እኔ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ሹፌሩን "ጦር ኃይሎች ነው ኣ?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። ምን ታውቃላችሁ? ረዳቱ አዲስ ሊሆን ይችላል።

ባለቤቴ ዘነበች ሌላ ፍጥረት ናት። ኮልፌ ገበያ ቆጮና ቅቤ ትሸጣለች። ጎኗ ያለችው ሴት "ዕቃዬን እዪልኝ" ብላት ከሄደች የራሷን ትታ የሰው ዕቃ ስትጠብቅ ትውላለች። መንገድ ላይ ያገኘችው ሰው "ይሄ ለወገብ ጥሩ ነው" ካላት ቅጠሉን ገዝታ ትመጣለች። "ማን ነው ሰውየው?" ስላት "ደግ ሰው ነው" ትለኛለች። በምን አወቀች? ፊቱ ደስ ይላል። ይኸው ነው ማስረጃዋ።

ነገሩ የጀመረው በፍልሰታ ጾም ነው። ክረምቱ ጠንክሯል። የኮልፌን ገበያ በክረምት የሚያውቅ ሰው ጭቃውን አልነግረውም፤ የማያውቀው ደግሞ ብነግረውም አያምነኝም። መቼስ ቆጮ ስትገዙ ከኮባ ቅጠሉ ወጥቶ በትልቅ ቢላ ሲከተፍ አይታችኋል። ቃጫው እንዳያስቸግር ነው የሚከተፈው። ዘነበች እጇ ከመልመዱ የተነሳ ቢላውን አታየውም፤ እያወራች፣ እየሳቀች፣ ደንበኛ እየጠራች ነው የምትከትፈው። ያን ዕለት ከላይ የተወጠረው ላስቲክ ውኃ አቁሮ ኖሮ ባንድ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ዘረገፈው። ደንግጣ ስትዘል ቢላው ሾለከና ቅልጥሟን ገመጣት።

"ትንሽ ናት" አለች። በጨርቅ ጠፍራ አሰረችና ሥራዋን ቀጠለች። ማታ ቤት ስትመጣ ጨርቁ ጭቃም ደምም ጠጥቷል። ቡና ነሰነሰችበት። እኔ ቡናውን ጠረጠርኩ። ከየት ነው የተገዛው? ገብስ ተቀላቅሎበት ቢሆንስ? አያችሁልኝ? ቁስል ላይ ቡና ለምን ይነሰነሳል ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት አልነበረኝም፤ ቡናው ንጹሕ ይሁን እንጂ ሌላው ግድ አልሰጠኝም።

ቡናው አልሠራ ሲል ዘነበች ከቁም ሳጥኑ ላይ የብስኩት ጣሳዋን አወረደች። በዚያ ጣሳ ውስጥ በቤታችን ታሞ የማያውቅ ሰው መድኃኒት እንኳን አይጠፋም። እኔ ጥርሴን ታምሜ የተረፈ አለ፣ እህቷ ሳል ይዟት የተረፈ አለ። ከዚያ ውስጥ አንዱን ካፕሱል ለሁለት ከፈተችና ዱቄቱን ቁስሉ ላይ በተነችው። ሁለቱን ደግሞ ዋጠች። በማግስቱ ሻል ሲላት ተወችው። ሲብስባት ደገመችው። ሻል ሲላት እንደገና ተወችው። እኔ የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቀኑ አላለፈበትም?" አገላብጬ አየሁ፤ አላለፈበትም። በቃ፣ ልቤ አረፈ። ከጥርጣሬ ሁሉ ያችን አንዷን ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው ያጣኋት።

ግቢያችን ውስጥ ማርታ የምትባል ጎረቤት አለችን። ጴንጤ ናት፤ ጠዋት ጠዋት መዝሙሯን የምንሰማው በግድግዳው ነው። ዘነበች ማነከሷን ስታይ ገባችና እጇን ጭና ጸለየችላት። ጸሎቱ ረዘመ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አየሁ። ጸሎት እንዲህ ሲረዝም የሆነ ነገር አለ፤ ሚስቴን ይዛብኝ ልትሄድ ነው አልኩ በሆዴ። ማርታ ግን "አሜን" ብላ ስትጨርስ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

"ዘኑዬ፣ እኔ ጸልያለሁ። አሁን ደግሞ ተነሽና ሐኪም ቤት ሂጂ" አለቻት።

"ለመስቀል ይድናል" አለች ዘነበች።

መስቀል ለኛ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ እንዴ? አገር ቤት የሚሄደው ሁሉ የሚሰናዳበት፣ ከተማ የሚቀረውም ያለ ክትፎ የማያሳልፈው በዓል ነው። ክትፎ ደግሞ ያለ ቆጮ ምን ሊሆን? ዘነበች ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው ለዚያ ሰሞን ገበያ ነው። ታዲያ "ሐኪም ቤት ከገባሁ ያስተኙኛል፣ ቦታዬን ሌላ ይይዘዋል" እያለች ስታነክስ ሰነበተች። ኋላ አንድ ጠዋት ልትነሳ ብትል እግሯ እምቢ አላት። አብጦ፣ ቀልቶ፣ ብነካው እንደ ማሽኔ ሞተር ይፋጃል። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ "ብርድ ነው" ትለኛለች። እኔና ማርታ ግራና ቀኝ ይዘን ታክሲ ውስጥ አስገባናት። ያን ዕለት ታክሲው የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ጢሙ በቅጡ አልበቀለም። ይሄን ደግሞ ማን ሐኪም አደረገው አልኩ። ቁስሉን አየ፣ ምን ስታደርጊበት ነበር አላት፤ ነገረችው። ካፕሱሉ ጋ ስትደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ጀርሙ መድኃኒቱን ሳይለምደው አይቀርም፣ ስለዚህ ከቁስሉ ናሙና ወስደን ላብራቶሪ እናሳድገዋለን አለኝ።

"ምኑን?" አልኩት።

"ጀርሙን።"

"ጀርሙን… ታሳድጉታላችሁ?"

"አዎ ጋሼ። ካልቸር ይባላል። ጥቂት ቀን ይፈልጋል።"

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ቤታችሁ አይጥ ገባ እንበል። ጓዳውን ጨረሰባችሁ። "ኧረ አንድ በሉኝ" ብላችሁ ሰው ጠራችሁ። የመጣው ሰውዬ "ከአይጦቹ አንዷን ስጡኝና ወስጄ ላሳድጋት" ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ግን ፈቀድኩ። ሚስቴ አልጋ ላይ ናት። ነርሷ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት ቁስሉ ላይ አሽከርክራ ቱቦ ውስጥ ስትከተው፣ ስትከድነው፣ ስም ስትጽፍበት አይኔን አልነቀልኩም። ቱቦውን የወሰደው ሰው በየትኛው በር እንደወጣም አይቻለሁ።

ዘነበችን አስተኟት። ለጊዜው የሚሆን መድኃኒት ጀመሩላት። እኔ ሱቄን ለመክፈት ብሄድም እጄ ሥራ አልያዘም። ለታምሩ ነገርኩት። ታምሩ እንግዲህ ሰዓት ይጠግናል እንጂ ዋናው ሥራው የሰው ነገር መጠገን ነው፤ የተበላሸ ነገር ነግራችሁት የባሰ ተበላሽቶ ይመለስላችኋል።

"አሳድገው የት ሊያደርሱት ነው?" አለኝ፣ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወጣ።

"አላውቅም።"

"ሽብሬ፣ አስብ እንጂ። ጀርሙ የማን ነው? የዘነበች ነው። ፈቃድ ጠየቋት? ነገ ወደ ውጭ ልከውት ክትባት ቢያወጡበትስ? ደግሞ በሽታው ከጠፋ እነሱ ምን ሊሠሩ ነው? ዘር ማስቀረታቸው ነዋ!"

ዘር ማስቀረት! ይቺ ቃል ገብታ አእምሮዬ ውስጥ ተቀመጠች። የሚስቴን በሽታ ለዘር አስቀርተውታል። ሱቄን ዘግቼ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤቱ።

ላብራቶሪው በር ላይ ከባለሙያ በስተቀር መግባት ክልክል ነው ይላል። ክልክል ከሆነ እንግዲህ የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። መጀመሪያ መቆለፊያውን አየሁት፤ ጥሩ መቆለፊያ ነው፣ የውሸት አላወራም። ጎኑ ባለው የመስታወት መስኮት አንኳኳሁ። ነጭ ካፖርት የለበሰች፣ አፍና አፍንጫዋን የሸፈነች ወጣት ሴት መጣች። ደረቷ ላይ ሰናይት የሚል ስም አለ።

"ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት?"

"የባለቤቴን ጀርም ልጠይቅ ነው" አልኳት።

እኔ ስለ ጀርሙ ልጠይቅ ማለቴ ነበር። ከአፌ ሲወጣ ግን ብርቱካን ይዞ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መሰልኩ። ልጅቷ በዓይኗ ሳቀች። የዘነበችን ስም ነገርኳት፤ ገብታ አይታ ተመለሰች።

"ደህና ነው" አለችኝ።

"ደህና ነው ማለት?"

"እያደገ ነው።"

እዚያ ሚስቴ እህል አልቀምስ ብላ ተኝታለች፣ እዚህ ጀርሙ ደህና ነው! ደሜ ፈላ። "እና ምን እየበላ ነው የሚያድገው?" አልኳት።

"ደም ነው ጋሼ።"

"የማን ደም?!"

"የበግ። ምግቡ ላይ ተቀላቅሎ ይረጋል።"

"በፍልሰታ?" አልኳት።

እውነቴን ነው፤ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። እኛ ሽሮ እየበላን፣ የቅልጥሟ ጀርም የበግ ደም ይቀርብለታል። ሰናይት ሳቋን ዋጥ አደረገችና መስኮቱ ጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ያባርረኝ ነበር። እሷ ግን እንደ ሥራዋ ቆጥራ አስረዳችኝ። የዘነበች እግር ላይ ያለው ጀርም በዓይን አይታይም አለች። አይነቱ ብዙ ነው፣ ማን እንደሆነ ካልታወቀ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይታወቅም። ስለዚህ የሚወደውን ምግብ ይሰጡታል፣ ሙቀቱን እንደ ሰው ገላ ያደርጉለታል፣ እሱም ተመችቶት ይበዛል። ሲበዛ ይታያል። ከታየ ተያዘ።

"ቢያመልጥስ?" አልኳት። ይሄ የኔ ሙያ ነው።

ይሄን ጥያቄ ስትሰማ ፊቷ ኮስተር አለ፤ ሳቁ ጠፋ። አንድ በአንድ ነገረችኝ። አየሩን ወደ ውስጥ ስቦ የሚያጣራ የመስታወት ሳጥን አለ፤ የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው። የሚነኩበት ቀጭን ሽቦ ከመንካቱ በፊትም በኋላም እሳት ላይ ይግላል። ሳህኖቹ ክዳን አላቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ውኃ እንኳን አይጠጣም። ሲወጡ እጅ ይታጠባሉ፣ ካፖርቱም እዚያው ይቀራል። የተነካ ነገር ሁሉ በእንፋሎት ሳይቀቀል ወደ ቆሻሻ አይሄድም።

"እኔም እናት አለችኝ ጋሼ። ማታ ቤቴ ነው የምገባው" አለችኝ በመጨረሻ።

ይቺ አባባሏ ትንሽ ገባችኝ። ቢሆንም ስወጣ በሩን ገፋ አድርጌ አየሁት። ተቆልፏል።

ከዚያ በኋላ ያለው ለቀልድ አይመችም። የዘነበች ትኩሳት አልወርድ አለ። ያ ልጅ እግር ሐኪም አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገረኝ። የካልቸሩን ውጤት እየጠበቅን ነው፣ ነገር ግን ጀርሙ አጥንት ውስጥ ከገባ እግሩን ለማትረፍ ይከብዳል አለኝ። ለማትረፍ ይከብዳል ማለት ምን ማለት ነው? ታውቁታላችሁ። እኔም አውቄዋለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ለሁሉም ነገር ጥያቄ የማላጣው ሰውዬ፣ ያኔ አንድ ጥያቄ አጣሁ። "እሺ" ብቻ አልኩት።

ስመለስ ዘነበች አይታኛለች። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰምታለች።

"ለመስቀል እቆማለሁ?" አለችኝ።

ማርታ አጠገቧ ነበረች። እጄን ያዘችኝና መጸለይ ጀመረች። ምን ላድርግ? ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰዓቴንም አላየሁም። ይርዘም፣ እንደፈለገ ይርዘም አልኩ። መሃል ላይ አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ ዘነበችን አየኋት፤ እሷ እኔን ስታይ ነበር። ያን የመሰለ አተያይ ከተጋባን ጀምሮ አላስታውስም። እኔ የማምናት እሷን ብቻ እንደሆነ ታውቃለች፤ እሷ ከሄደች ማንን እንደማምን ግራ የገባት ትመስል ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ መጣ። ውጤቱ ደርሷል፤ የሚሆናት መርፌ ታውቋል፣ አሁኑኑ ይጀመራል አለን። እኔስ በወረቀት አምናለሁ? የማን ጀርም እንደሆነ ምን አውቄ! ሮጥኩ ወደዚያች መስኮት።

ሰናይት እንደምመጣ የጠበቀችኝ ትመስላለች። "ይቆዩ ጋሼ፣ በመስታወቱ በኩል ይዩት" አለችና ክዳኑ የታሸገ፣ የሻይ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ሳህን ከውስጥ ሆና አነሳችልኝ። የዘነበች ስም አለበት፤ አነበብኩት። ሳህኑ ላይ ስስ ነገር እንደ አቧራ ሞልቷል። በላዩ ላይ ትንንሽ ነጫጭ ክብ ወረቀቶች ተደርድረዋል። እያንዳንዷ ወረቀት የተለያየ መድኃኒት የጠጣች ናት አለችኝ። አንዷን በጣቷ አሳየችኝ፤ ጀርሙ እስከ ጠርዟ ድረስ በቅሎ ተደግፏታል።

"ይሄ እትዬ ሲበትኑበት የነበረው የካፕሱሉ መድኃኒት ነው። አዩት፣ ትራስ ነው ያደረገው።"

ሌላዋን አሳየችኝ። በሷ ዙሪያ ጀርም የሚባል የለም። ጥርት ያለ ክብ ብቻ። ተጠርጎ የተወለወለ ደጅ ይመስላል።

"ይሄን ግን አልቻለውም" አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ለኔም እኮ ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር ሲመጣልኝ የቁልፍ ዘለላዬን አውጥቼ አንድ በአንድ እሞክራለሁ። አንዱ እምቢ፣ አንዱ እምቢ፣ አንዱ ጠቅ። እነዚህ ደግሞ ሙከራውን በሚስቴ ገላ ላይ እንዳያደርጉት ጓጉንቸሩን አስመስለው ሌላ ቦታ ሠሩ። ታምሩ ዘር ማስቀረት ያለው ይሄን ነው። አንጀቴ በታምሩ አረረ።

ግን ጠባይ መቼ ይለቃል? "መርፌው ከምን ነው የሚሠራው?" አልኳት።

"መጀመሪያ የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር ጀርም ነው።"

"ከሌላ ጀርም?!"

"አዎ። ጎረቤቶቹን የሚያባርርበት የራሱ መርዝ አለው። ፋብሪካው ጀርሙን በትልልቅ በርሜል ያሳድገዋል፣ ያንን ያጣራል፣ መድኃኒት ይሆናል። ከሻጋታ የሚገኝም አለ።"

ይሄን ይዤ ወደ ዘነበች ሄድኩ። አፈርና ሻጋታ ሊወጉሽ ነው አልኳት። ከትራሷ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፤ "አንተ ሰውዬ፣ ቆጮ ከምን የሚመጣ ይመስልሃል? እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ገብቶ የከረመው እኮ ነው ማዕድህ ላይ ያለው። ይውጉኝ!"

ወጓት። ወዲያው አልዳነችም። መጀመሪያ ብርዱ ተዋት። ቀጥሎ ሽሮ ፈለገች። ከዚያ የተከፈለበት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ሁሉ አልጋዋ ላይ ተደላድላ ክፍሉ ውስጥ የተኙትን ሴቶች ሁሉ የትዳር ታሪክ አወጣጣች። ያኔ እንደዳነች አወቅሁ። ሰናይት አንድ ቀን ራሷ ልትጠይቃት መጣች። ሁለቱ ሲገናኙ ዘመድ ሆኑ፤ ስለ ቆጮ ጉድጓድ ነው ያወሩት። ሰናይት ቆጮውን የሚያኮመጥጠው ጥሩው ጀርም እንደሆነ፣ ኮምጣጣነቱ ደግሞ መጥፎዎቹን እንደሚያባርር ነገረቻት። ጉድጓዱ በደንብ ካልተከደነ ወይም ቆሻሻ እጅ ከነካው ግን ሌላው ገብቶ ያበላሸዋል አለች። ዘነበች ሰማችና፣ "ለቆጮ የማላደርገውን ነው እግሬ ላይ ያደረግሁት" አለች። የብስኩት ጣሳው ከዚያ በኋላ ስኳር ነው የሚቀመጥበት።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ ለመሰናበት ወደ መስኮቷ ሄድኩ። አንድ የቀረችኝ ነገር ነበረች።

"ያ ያሳደጋችሁትስ የት ሄደ?"

"ገደልነው ጋሼ። በእንፋሎት።"

"ሲሞት አይተሻል?"

ልጅቷ ታጋሽ ናት። ከሳህኖቹ ጋር እንፋሎቱ ውስጥ የገባ ቁራጭ ፕላስተር አመጣችልኝ። ሙቀቱ ከልቡ ካልደረሰ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ከደረሰ ግን መስመሩ ይጠቁራል አለችኝ። መስመሩ ጠቁሯል። አገላብጬ አየሁት።

"ፕላስተሩን የሠራው ማን ነው?" አልኳት።

"እትዬን ሰላም ይበሉልኝ" ብላ ገባች።

መስቀል ደረሰ፤ ዘነበች ቆመች። በሁለት እግሯ። ያን ጠዋት ልቤ ሞልቶ ሱቄን ዘግቼ ልረዳት ገበያ ወጣሁ። ዘነበች ከሐኪም ቤት የወጣችው በአዲስ ሃይማኖት ነው ማለት ይቻላል፤ ፀጉሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቃለች፣ እጇ ላይ ደግሞ የሐኪም ጓንት አጥልቃለች። መክተፊያውን በፈላ ውኃ አጥባዋለች። ቆጮው በአዲስ ኮባ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። እኔ ቆሜ ሳያት ኮራሁ። ዛሬ የኮልፌ ሰው ማን ጋ መግዛት እንዳለበት ያውቃል አልኩ።

ሰው መጣ። አየ። አለፈ።

የዱሮ ደንበኛዋ፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ ቀረብ ብላ ጓንቱን አየችና "ዘነበች፣ እጅሽን ምን ነካው?" አለቻት። "ምንም" አለቻት ዘነበች። ሴትዮዋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሌላዋ መጣችና ቆጮው ኬሚካል አለው እንዴ ብላ ጠየቀች። አንዷ ለጓደኛዋ ሆስፒታል ተኝታ ነበር ስትል ሰማኋት፤ የበሽታውን ስም ግን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ጎኗ ያለችው ሴት፣ ትናንት በታጠበችው እጇ እየቆረሰች ስትሸጥ መክተፊያዋ ላይ ፋታ አጣች። የኛ ቆጮ እንደተጠቀለለ ፀሐይ ይሞቃል።

አልቻልኩም። ወንበር ላይ ቆሜ፣ "ንጽሕና ነው! ጀርም እንዳይነካው ነው! ምንም ነገር የለበትም!" ብዬ ጮኽኩ። ገበያው ዞሮ አየኝ። ያኔ ራሴን ሰማሁት። ወንበር ላይ ወጥቶ ምንም ነገር የለበትም ብሎ የሚጮህ ሰው ባይ፣ እኔስ ከሱ እገዛለሁ? አካባቢያችን የነበሩት ጥቂት ሰዎችም ሄዱ።

ዘነበች አየችኝ። ከዚያ ጓንቷን አወለቀችና ከሽርጧ ኪስ ከተተችው። ባዶ እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ ለሁሉም እንዲታይ፣ አንዴ ተንጠራራች። ያቺ ወፍራም ሴትዮ ከወዲያ ማዶ አየቻትና መጣች። ተከትለዋት ሌሎች መጡ። ከቀትር በፊት ፋታ አጣን።

ግን ዘነበች ዘነበች ናት፤ የያዘችውን አትለቅም። ከመደቧ ጀርባ ላስቲክ ጋርዳ ጀሪካንና ሳሙና አስቀምጣለች። በየመሃሉ ሹልክ ትላለች፣ ታጥባ፣ አድርቃ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ፊቷን አረጋግታ ትወጣለች። ሚስጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በመጨረሻ ግን ያቺ ወፍራም ሴትዮ ነቃች። ጎኔ ጠጋ ብላ፣ "ሚስትህ ከላስቲኩ ጀርባ እየተመላለሰች ምንድን ነው የምታደርገው?" አለችኝ በጆሮዬ።

እጇን በሳሙና እየታጠበች ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን አየሁት። የማውቀው ዓይን ነው።

"ቅቤ ነው" አልኳት። "ቆጮው እንዳይጣበቅባት እጇን ቅቤ ትቀባለች።"

"ኣ! እንዲህ ነው እንጂ ባለሙያ!" አለችና ለጎረቤቷም ጭምር አስጠቀለለች።